ተጣሞ የገጠመ የጣት ስብራት፦ በአፍላ ዕድሜ ላሉ ልጆች ቀዶ ህክምና መቼ ያስፈልጋል?

 

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ፣ በተለይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ሜዳ ሲውሉ የሚበዛ አንድ ጥያቄ አለ፦ "ዶክተር፣ ልጄ ከወራት በፊት ጣቱ ተሰብሮ ነበር። አሁን አያመውም፣ ግን ጠማማ ሆኖ ቀረ። እያደገ ሲሄድ ይስተካከላል ወይስ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል?"

ብዙ ወላጅ "አንድ ጣት ናት፣ ምን ታመጣለች" ብሎ ይተዋል። አንዳንዱ ደግሞ ጣቱ ጠማማ መሆኑን እንዳየ "ዶክተር፣ ዛሬውኑ አስተካክሉልኝ" ብሎ ይመጣል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ስለዚህ ዛሬ የትኛው ጠማማ ጣት በጊዜ ሊደረስለት እንደሚገባ፣ የትኛው ቢተው እንደሚሻል፣ ቀዶ ህክምናውስ እንዴት እንደሚሠራ እነግራችኋለሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ቡና እያላችሁ አንብቡት።

🔹 ተጣሞ መግጠም ማለት ምን ማለት ነው?

በእያንዳንዱ እጃችን 14 የጣት አጥንቶች አሉ፤ አውራ ጣት 2፣ ሌሎቹ አራት ጣቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 3። ከእነሱ ሥር፣ መዳፋችን ውስጥ፣ 5 የመዳፍ አጥንቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲሰበር ሰውነት ራሱ መጠገን ይጀምራል። የተሰበሩትን ጫፎች መጀመሪያ ለስላሳ በሆነ፣ ቀጥሎ እየጠነከረ በሚሄድ አዲስ አጥንት ያያይዛቸዋል።

ሰውነት ጫፎቹን የሚያያይዘው ግን ባገኛቸው ቦታ ላይ ነው። ቀጥ ብለው ካገኛቸው ቀጥ አድርጎ፣ ዞረው ካገኛቸው እንደዞሩ ይገጥማቸዋል። ሐኪም አጥንቱን ወደ ቦታው መልሶ ጄሶ ወይም ስፕሊንት የሚያስረው ለዚሁ ነው።

የልጆች የጣት አጥንት ቶሎ ይገጥማል፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይበቃዋል። ይሄ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ሌላም ትርጉም አለው። ከቦታው ወጥቶ ከሆነም ቶሎ ነው የሚገጥመው። ዛሬ ነገ እያልን ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ በእጅ ጎትቶ ማስተካከል ከባድ ይሆናል።

መጣመሙ አራት ዓይነት ነው፦

1. መዞር፦ አጥንቱ በራሱ ዙሪያ ተጠማዝዞ ሲገጥም። ጣቱ ተዘርግቶ ሲታይ ደህና ይመስላል። ሲታጠፍ ግን ጎረቤቱ ጣት ላይ ይወጣል ወይም ከሥሩ ይገባል።

2. መጉበጥ፦ አጥንቱ ወደ ጎን፣ ወደ መዳፍ ወይም ወደ እጅ ጀርባ ጎብጦ ሲገጥም።

3. ማጠር፦ ጫፎቹ ተደራርበው ሲገጥሙ። አጥንቱ ሲያጥር በላዩ የሚያልፉት ጅማቶች ስለሚላሉ ጣቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ሊያስቸግር ይችላል።

4. መገጣጠሚያ ላይ ደረጃ መፍጠር፦ ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ለስላሳው ገጽ ከፍና ዝቅ ብሎ ሲቀር። ይሄኛው ህመም፣ መድረቅ፣ ውሎ አድሮም የመገጣጠሚያ መበላት ሊያስከትል ይችላል።

🔹 ቤት ውስጥ እንዴት ማየት ይቻላል?

ይህችን ቀላል ምርመራ አሁኑኑ ልትሞክሯት ትችላላችሁ። ልጁ ሁለቱንም መዳፎቹን ወደ ራሱ አዙሮ ጎን ለጎን ይያዝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ይጨብጥ። በጤነኛ እጅ ላይ አራቱ ጣቶች ሲታጠፉ ጫፎቻቸው እየተቀራረቡ በአውራ ጣት ሥር ወዳለው የእጅ አንጓ አካባቢ ያመለክታሉ። አንዱ ጣት ከመስመር ወጥቶ ሌላው ላይ ከተሳፈረ አጥንቱ ዞሮ ገጥሟል ማለት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጣቶቹን ግማሽ አጥፎ ጥፍሮቹን ከፊት ለፊት እዩ። የአንዱ ጥፍር ገጽ ከሌሎቹ የተለየ አቅጣጫ ያያል? ከሌላኛው እጅ ጋር አወዳድሩ። ማወዳደሩ የግድ ነው፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ትንሿ ጣቱ ጎበጥ ያለች ናት።

መዞር ኤክስሬይ ላይ በደንብ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ "ኤክስሬዩ ጥሩ ነው ተብለናል" ማለት ብቻ በቂ አይደለም፤ ጣቱ ታጥፎ መታየት አለበት። በቁጥር ልንገራችሁ፦ የመዳፍ አጥንት ላይ 5 ዲግሪ ብቻ የሆነ መዞር ጣቱ ሲታጠፍ ጫፉ ላይ እስከ 1.5 ሴንቲሜትር መደራረብ ሊያመጣ ይችላል። ከሥሩ በጣም ትንሽ፣ ከጫፉ ግን ብዙ ማለት ነው።

🔹 "ልጅ አይደል፣ እያደገ ይስተካከላል" እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። የልጅ አጥንት የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል አለው፤ የእድገት መስመር እንበለው። ይህ መስመር ክፍት እስከሆነ ድረስ አጥንቱ በእድገት ውስጥ የተወሰነ ጉብጠትን እያቃና ይሄዳል። ግን ሦስት ነገሮች ይወስኑታል።

▪️ ዕድሜ፦ የእጅ አጥንቶች የእድገት መስመር በሴቶች ከ14 እስከ 15፣ በወንዶች ከ16 እስከ 17 ዓመት ገደማ ይዘጋል። የ6 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ አለው። የ15 ዓመት ልጅ ግን የቀረችው ጊዜ አጭር ናት፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ጨርሳም ሊሆን ይችላል።

▪️ ቦታ፦ ስብራቱ ለእድገት መስመሩ በቀረበ ቁጥር የመቃናት ዕድሉ ይጨምራል። በጣት አጥንቶች ላይ መስመሩ ያለው ወደ መዳፍ ባለው ጫፍ ነው። ስለዚህ በሌላኛው ጫፍ፣ ወደ ጥፍር በቀረበው የአጥንቱ አንገት ላይ የተሰበረ ጣት በእድገት ይስተካከላል ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው።

▪️ አቅጣጫ፦ ጣት በሚታጠፍበትና በሚዘረጋበት አቅጣጫ ያለ ጉብጠት የተሻለ ይቃናል። ወደ ጎን ያለው ያን ያህል አይደለም። የዞረ አጥንት ደግሞ በእድገት ይመለሳል ተብሎ አይታሰብም።

በአጭሩ፣ በአፍላ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ጣት ዞሮ ከገጠመ "እንጠብቅ" ማለት ጊዜ ማባከን ነው።

🔹 ለምን ተጣሞ ይገጥማል?

እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ጉዳታቸው ተራ ነው፦ በረኛ ሆኖ ኳስ ጣቱን የመታው፣ መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ፣ መውደቅ፣ የሚኒባስ ታክሲ በር፣ በንዴት ግድግዳ በቡጢ መምታት። ቀጥሎ የሚመጡት ምክንያቶችም ይመሳሰላሉ።

አንደኛው "ጣቱን ያንቀሳቅሰዋል፣ ስለዚህ አልተሰበረም" የሚለው አባባል ነው። የተሰበረ ጣት ሊንቀሳቀስ ይችላል። ስብራት መኖር አለመኖሩን መንቀሳቀስ አይለየውም።

ሁለተኛው "ወለም ብሎት ነው" ተብሎ ማሸት ነው። ወጌሻዎቻችን ከትውልድ ትውልድ የመጣ ልምድ አላቸው፤ ብዙ ሰውም ያምናቸዋል። ነገር ግን በእጅ በመዳሰስ ብቻ የአጥንት መዞርንና መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ስብራትን መለየት አይቻልም። የተሰበረ ጣት ሲታሽ ደግሞ ከቦታው ይበልጥ ሊወጣ ይችላል። በጥብቅ ከታሰረማ ደም ዝውውር ተቋርጦ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ሆስፒታል ሄደው በትክክል ታክመው ክትትል ያቋረጡ ናቸው። ጄሶ ከታሰረ በኋላ እብጠቱ ሲቀንስ ጄሶው ይላላል፣ አጥንቱም ሊንሸራተት ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ "ተመለሱ" የምንለው ለዚህ ነው። በዚያ ቀጠሮ የተንሸራተተ ስብራት ከታየ ገና ማስተካከል ይቻላል። ቀጠሮው ከተዘለለ ደግሞ ኋላ አጥንት ቆርጦ ማስተካከል ሊመጣ ነው።

🔹 ማን ቀዶ ህክምና ያስፈልገዋል?

የምንወስነው ጣቱ ምን ያህል ጠማማ ነው ብለን ብቻ ሳይሆን ጣቱ ምን መሥራት አቃተው ብለን ነው። ሁለት ልጆችን ላወዳድርላችሁ (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)።

የመጀመሪያው የ15 ዓመት ልጅ ነው። ኳስ ሲይዝ የቀለበት ጣቱ ተመታ፤ ታሸ፤ እብጠቱ ጠፋ። ከ4 ወር በኋላ ሲመጣ ጣቱ ሲዘረጋ ምንም አይልም፤ ሲጨብጥ ግን ትንሿ ጣቱ ላይ ትሳፈራለች። እንጀራ ሲቆርስ ወጡ በጣቶቹ መሃል ይፈስበታል። የስፖርት ቤቱን ብረት አጥብቆ መያዝ አይችልም። ሰው ፊት መብላት ስለሚያፍር ምሳ ሰዓት ላይ ብቻውን መሆን ጀምሮ ነበር።

እናቱ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "ዶክተር፣ ጠማማም ብትሆን ትታጠፋለች። ኦፕራሲዮኑ ጨርሶ ቢያደርቃትስ?"

ይህ ጥያቄ ትክክል ነው። ከጣት ቀዶ ህክምና በኋላ በጣም የምንፈራው ነገር መድረቅ ነው። ጅማቱ አጥንቱን እየታከከ ስለሚያልፍ ቁስሉ ሲድን ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ ለእናቱ ያልኳቸው ይህን ነው፦ "እርስዎ የሚሉት አደጋ አለ። የምንቀንሰው በሁለት መንገድ ነው። አጥንቱን አጥብቀን በማሰርና ልጁ በቀናት ውስጥ ጣቱን ማንቀሳቀስ እንዲጀምር በማድረግ። ሁለተኛው የእኔ ሥራ አይደለም፤ የእሱና የእርስዎ ነው።" ልጁን ደግሞ "በየቀኑ የሚያም ልምምድ ለሁለት ወር ትሠራለህ?" ብዬ ጠየቅኩት። "እሠራለሁ" አለ፤ ሠራም። ዛሬ ጣቶቹ ሳይሳፈሩ ይጨብጣል። የመጨረሻዋ አንጓ ትንሽ ደረቅ ናት፤ ፍጹም አልሆነችም። እሱ ግን በሥራዋ ረክቷል።

ሁለተኛው የ16 ዓመት ልጅ ነው። ግድግዳ በቡጢ መትቶ የትንሿ ጣቱ የመዳፍ አጥንት አንገቱ ላይ ተሰብሮ ወደ መዳፍ ጎብጦ ገጠመ። ሲጨብጥ አንደኛዋ አንጓ ገባ ብላለች። ግን ህመም የለውም፤ ጣቶቹ አይደራረቡም፤ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ ይጨብጣል። አባቱ "ይስተካከልልን" አሉ። እኔ አይሆንም አልኩ። የትንሿ ጣት የመዳፍ አጥንት ብዙ የመንቀሳቀስ ነፃነት ስላላት 30 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሆነ ጉብጠት ችላ ትሠራለች። ለመልክ ብሎ በደንብ የሚሠራ እጅን መክፈት ትርፉ ጠባሳና የመድረቅ ስጋት ነው።

በጥቅሉ ቀዶ ህክምና የምናስበው፦
✔️ ጣቶች ሲታጠፉ ሲደራረቡ
✔️ ጉብጠቱ መያዝን፣ መጻፍን ወይም ሥራን ሲያስቸግር
✔️ መገጣጠሚያ ላይ ደረጃ ሲኖር
✔️ በአንገቱ ተሰብሮ የወጣው አጥንት የጣቱን መታጠፍ ሲከለክል ነው።

🔹 መቼ ይሠራ?

ስብራቱ ገና ጥቂት ሳምንታት ከሆነው አዲሱ አጥንት ስላልጠነከረ በድሮው ስብራት መስመር ላይ ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ስብራት ከሆነ በተለይ መቸኮል ያስፈልጋል።

ወራት ካለፉ ደግሞ አንቸኩልም። መጀመሪያ እብጠቱ እስኪጠፋና መገጣጠሚያዎቹ በፊዚዮቴራፒ እስኪለሰልሱ እንጠብቃለን። ደረቅ ጣት ላይ የተሠራ ቀዶ ህክምና ውጤቱ ጥሩ አይሆንም። የእድገት መስመሩ ክፍት ከሆነ ደግሞ እሱን እንዳንነካ እንጠነቀቃለን።

🔹 ቀዶ ህክምናው እንዴት ይሠራል?

ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ተጣሞ የገጠመውን አጥንት በልክ ቆርጦ፣ አስተካክሎ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ እንደገና እንዲገጥም ማሰር።

▪️ ማደንዘዣ፦ ክንዱን ብቻ በማደንዘዝ ወይም ሙሉ በሙሉ በማስተኛት ይሠራል። ደፈር ያሉ ትልልቅ ልጆች ላይ እጁን ብቻ በመርፌ አደንዝዞ ነቅቶ መሥራትም ይቻላል። ጥቅሙ ልጁን "እስቲ ጨብጥ" ብለን ጣቱ መስመር መግባቱን እዚያው ማየታችን ነው።

▪️ አጥንቱን መቁረጥ፦ ለጎበጠ አጥንት በሽብልቅ ቅርጽ ትንሽ ቁራጭ ይወጣል፤ ወይም በአንድ ጎን ተከፍቶ ክፍተቱ ከእጅ አንጓ አካባቢ ወይም ከዳሌ በሚወሰድ አጥንት ይሞላል። ለዞረ አጥንት ተቆርጦ በሚፈለገው መጠን ይመለሳል። አንዳንዴ ጣቱን ሳንነካ ከሥሩ ያለውን የመዳፍ አጥንት ቆርጠን እናዞራለን፤ እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ማስተካከል ይቻላል፣ የጣቱ ጅማትም አይነካም።

▪️ ማሰር፦ በቀጫጭን ሽቦ ወይም በትናንሽ ብረትና ብሎን ይታሰራል። ሽቦው ጫፉ ከቆዳ ውጪ ሆኖ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ይነቀላል። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ ማንቀሳቀስ ያስችላል፤ ነገር ግን ጅማቱን ካስቸገረ በኋላ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

▪️ ጅማት ማላቀቅ፦ ጅማቱ ቀድሞ ተጣብቆ ከነበረ አብሮ ወይም በሌላ ጊዜ ይላቀቃል።

🔹 ከቀዶ ህክምና በኋላስ?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅ ከልብ ከፍታ በላይ ይደገፍ። እብጠት የመድረቅ መጀመሪያ ነው። ያልታሰሩትን ጣቶች፣ ክርንና ትከሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

የተሠራው ጣት መቼ እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው አስተሳሰሩ ነው፤ በብረት ከታሰረ በቀናት ውስጥ፣ በሽቦ ከሆነ ዘግይቶ። ብዙ ጊዜ ጣቱን ከጎረቤቱ ጋር በፕላስተር አያይዘን እናለማምዳለን። ኳስና ግፊያ ያለበት ስፖርት ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል፤ የሚፈቅደውም ኤክስሬዩ ነው።

"ቅልጥምና የአጥንት ሾርባ ይጠቅማል ወይ?" ለምትሉኝ፦ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ፣ ሥጋ ያለበት ጥሩ ምግብ ለአጥንት መግጠም ይጠቅማል። ጠማማውን የሚያቃና ምግብ ግን የለም። ሲጋራና ሺሻ የአጥንት መግጠምን ያዘገያሉ፤ ልጆቻችሁን በግልጽ ጠይቋቸው።

ሊያጋጥሙ የሚችሉ ችግሮች፦ መድረቅ፣ የቁስል ማመርቀዝ፣ አጥንቱ ሳይገጥም መዘግየት፣ የስሜት መደንዘዝ፣ መስተካከሉ ማነስ ወይም መብዛት። ትኩሳት፣ መግል፣ እየጨመረ የሚሄድ ህመም ወይም የጣት መጥቆር ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ።

🔹 ሐኪሙን ምን ልጠይቅ?

1. የልጄ የእድገት መስመር ክፍት ነው ወይስ ተዘግቷል?
2. ባይሠራ ምን ይሆናል?
3. በሽቦ ነው ወይስ በብረት? ለጣት የሚሆነው ትንሹ ብረት እዚህ አለ ወይ?
4. ፊዚዮቴራፒ ማን ይሠራለታል፣ መቼስ ይጀምራል?

ሥራው በእጅ ቀዶ ህክምና ልምድ ባለው የአጥንት ስፔሻሊስት ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ቢሠራ ይመረጣል። በአቅራቢያችሁ ከሌለ ሪፈር አጽፉ።

🔹 ሳይቃጠል በቅጠል

ከሁሉ የሚቀለው ጣቱ መጀመሪያውኑ ተጣሞ እንዳይገጥም ማድረግ ነው። ልጃችሁ ጣቱን ተመትቶ ካበጠ፣ ከጠቆረ ወይም ሲጨብጥ ከመስመር ከወጣ፦

▪️ ቀለበት ካለ ሳያብጥ በፊት አውልቁ።
▪️ አትሹት፣ አትጎትቱት። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አድርጉለት።
▪️ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ኤክስሬይ አስነሱ።
▪️ ጥፍሩ ከሥሩ ተነቅሎ ከደማ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። በልጆች ላይ ከጥፍሩ ሥር የእድገት መስመሩ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ችላ ከተባለ አጥንቱ ሊያመረቅዝ ይችላል።
▪️ ጄሶ ከታሰረ በኋላ የ1 ሳምንቱን ቀጠሮ በፍጹም አትዝለሉ። "ልጄን ሲጨብጥ እዩልኝ" በሉ።

ዛሬ ማታ ራት ስትበሉ የልጆቻችሁን እጅ እዩ። ከዚህ በፊት ጣቱን የተመታ ካለ አስጨብጡት። ቶሎ ከታየ አማራጩ ብዙ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፤ ልጃችሁን በአካል የሚያየውን ሐኪም ምክር አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የልጆችን ፎቶ ግን በአደባባይ አትለጥፉ። ጽሑፉን ለአሰልጣኞች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ሼር አድርጉላቸው።